የጠገበ ውሃ

ከካዛንቺስ በታች፣ ከግንፍሌው ዳር፣
ኩሬ ጠባቂ ነኝ፣ የውሃ ወታደር።
ፊሽካ፣ ዱላ፣ ባትሪ፣ አንድ ያረጀ ካፖርት።
ሥራዬ በመዝገብ ተጽፎ ተቀምጧል፦
አምፖል እንዳይነቀል፣ ዓሣ እንዳይሰረቅ፣
አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው አድሮ እንዳይደርቅ።
ስለ ውሃው ግን የነገረኝ የለም፤
ውሃ ምን ይሆናል? ውሃ አይሰረቅም።

ጥቅምት ተጋምሶ፣ ጠንክሮ ፀሐዩ፣
ኩሬው አረንጓዴ ሻሽ ጣል አረገ ከላዩ።
በሦስተኛው ቀን ሻሹ ጋቢ አከለ፤
በሳምንቱ ውሃው ጨርሶ የለ።

ሰዉ ግን ወደደው!
ሙሽሮች ጎረፉ በካሜራ ታጅበው፤
ቬሎው ተነጥፎ ከድንጋዩ ጠርዝ ላይ፣
ፎቶ አንሺው ይላታል፣ «ወደ ልምላሜው እይ!»
አንድ ሽማግሌም ቆመው መረቁ፣
«አገሩን እንዲህ ያለምልመው» ብለው፣ ሳቅ እያሉ ራቁ።
አሜን አልኩ እኔም።
አፍንጫዬ ግን አሜን አላለም።

ሻምበል ነበር ስሙ፣ ያ ወፈፌ ውሻ፣
ከእራቴ ያለው የእኩል ድርሻ።
እንደ ልማዱ ከጠርዙ ጠጣ።
ስምንት ሰዓት ላይ እግሩ ከዳው፣ አረፋ ደፈቀ፤
ሳይነጋ ደረቀ።
ጉድጓድ ቆፈርኩለት ከጽዱ ሥር፤
ማዕረጉን ሳልገፍ ቀበርኩት፣ በክብር።

በማግስቱ አንዲት ልጅ መጣች፣ ትንቢት የምትባል፣
ነጭ ጋዋን ለብሳ።
በጠርሙስ ቀድታ ወደ ፀሐይ ይዛ፣
«ጋሼ፣ ይሄ ውሃ ታሟል» አለች ተክዛ።
«ምነው? ተርቦ ነው?»
«አይ» አለች፣ «ጠግቦ።»

ጠግቦ።
እኔ የሰባ ሰባት ልጅ፣ በስንዴ ሰልፍ ያደግሁ፣
ሰው በማጣት ሲሞት እንጂ፣ በማግኘት ሲሞት መች አወቅሁ?

ጣቷን ቀሰረች ወደ ቱቦው አፍ፦
የመኪና አጣቢዎቹ የኦሞ አረፋ፣
ከሆቴሉ ጓዳ በማታ የተደፋ፣
ከላይ ሰፈር በዝናብ ተከልሎ የተለቀቀ ሽንት ቤት፤
አትክልተኛው ጋሽ ደገፉም፣ ያ ደጉ፣
ለሣሩ ዩሪያ በእፍኝ ሲበትን፣ «ይጥገብ» ሲል በወጉ፤
ዝናብ ጠራርጎ ሁሉን ወደዚህ አጎረሰው፤
እንቢ ማለት የማያውቅ አፍ፣ ውሃ፣ ሁሉን ቀመሰው።

«አልጌው በላ፣ ተራባ፣ ብርሃን ሸፈነ፤
ከሥሩ ያለው ሁሉ በጨለማ መነመነ።
አንዳንዱ መርዝ አለው፣ ቢያፈሉት አይለቅ።
ሲሞት ይበሰብሳል፣ መበስበሱም ትንፋሽ ይበላል፤
ዓሣ ውሃ ውስጥ ሆኖ አየር ይለምናል።»
ይህን ብላኝ ጠርሙሷን በላስቲክ ጠቅልላ ሄደች።

በዚያው ሌሊት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም፣
ባትሪዬን አበራሁ።
አፎች አየሁ።
መቶ አፍ፣ ሁለት መቶ፣ ከአረንጓዴው በላይ፣
ክፍት ክድን የሚሉ፣ ሽቅብ ወደ ሰማይ።
ፊሽካዬን ነፋሁ።
ለማን? እንጃ። በሩ እንደተቆለፈ ነው።
እኔ በር ስጠብቅ፣ ሌባው በቱቦ አለፈ፤
ደግሞም ባዶ እጁን አልመጣም፣ ይዞ መጣ እንጂ፣ መች ዘረፈ?

ሲነጋ ነጭ ሆዳቸውን ሰጥተው ተንሳፈዋል።
ጋሽ ደገፉ መጣ፣ መረቡን ይዞ ቆመ፤
እጁን ገልብጦ አየው።
«እኔ እኮ ያበላሁት ሣሩን ነው» አለ፤ ድምፁ ታመመ።

ከሰዓት ሌላ ሙሽራ መጣች፣ ከነሚዜዎቿ፤
በመሐረብ ታፍነው ተመለሱ ከነአበቦቿ።

ቤቴ ገባሁ፣ ቀበና ድልድይ ሥር።
ሻምበል ያስመለሰበትን ካፖርቴን አጥቤ፣
እጣቢውን ልደፋ ባልዲ አንጠልጥዬ ወጣሁ፤
ወንዙ ከታች ይሰማል።
አዘነበልኩ፣ መለስኩ፤ መድፊያ አጣሁ።
ከእኔ በታች ማን አለ? ማን ይጠጣል ከእኛ?
እዚያው ቆምኩ፣ ባልዲዬን ታቅፌ፣ የእጣቢ ዘበኛ።